እትዬ ዘሀራ ዋና ትሁን ወይስ ቡናዋን ታፍላ? ደጋግሞ ብቅ ለሚል ካራክተር በወንጀል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ መቼ እንስጠው

ደሴ ላይ የሚሆን ተከታታይ የወንጀል ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት አመት አለፈኝ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል እጽፍና እሁድ ከአሱር በኋላ ቡና ተፈልቶ ለዘመድ ለጎረቤት አነባለሁ፣ ራቅ ላሉት ደግሞ በቴሌግራም በድምጽ እልካለሁ። ዋናው ሰውዬ ኢንስፔክተር ይመር ነው። እትዬ ዘሀራ ደግሞ ሸዋበር አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትዮ ናት፣ መጀመሪያ ያስገባኋት ይመር ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ቦታ ስለፈለኩ ብቻ ነበር። ሰው ግን ወደዳት። አንብቤ ስጨርስ ስለ ገዳዩ መጠየቅ ትተው እትዬ ዘሀራስ ምን አለች፣ ለምን ዛሬ አልመጣችም ማለት ጀመሩ፣ አክስቴማ በየሳምንቱ "ያችን ሴትዮ ለምን ዝም ታሰኛታለህ" ነበር የምትለኝ።

እኔም ሰው ስለወደዳት ብቻ ክፍል 31 ላይ የኮንትሮባንድ እቃውን ስትደብቅ የነበረችው እሷ ናት ብዬ ገለጥኩት። ቤቱ ዝም አለ። አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና "ውሸት ነው" አለችኝ። "አልጠበኩትም" ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሷ ግን ያለችው "ውሸት ነው" ነው። ልክ ነበረች፣ ለምን ልክ እንደሆነች ለመረዳት ግን ብዙ ወራት ፈጀብኝ፣ ይሄ መመሪያ ከዛ የወጣ ነው። ተከታታይ ታሪክ የምትጽፉ፣ በሬዲዮ ድራማም ይሁን በወረቀት ይሁን በድምጽ፣ አንድ ደጋግሞ የሚመጣ ካራክተር ይዛችሁ "ይሄን ሰው ላሳድገው ወይስ ልተወው" ብላችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ካራክተሩ እስካሁን ያደረገውን ሁሉ ደብተር ላይ አውጡ

ከመወሰናችሁ በፊት ያለፉትን ክፍሎች በሙሉ መልሳችሁ አንብቡና ለዛ ካራክተር ለብቻው አንድ ገጽ ክፈቱለት። የት የት መጣ፣ ስንት ሰአት ላይ ነበር፣ ማንን አየ፣ ምን ሰማ፣ ምን ዋሸ፣ ምን ያውቃል፣ እና ደግሞ ሀሳቡን ለአንባቢ ነግሬያለሁ ወይ የሚለውን። ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ቆይቶ ትልቅ ሆኖ ይመጣል፣ አሁን ብቻ ጻፉት።

እኔ እትዬ ዘሀራን ሳወጣት 14 ጊዜ መጥታለች። ከ14ቱ 11ዱ ላይ ቡና ቀድታ "ምነው ፊትህ ጠቆረ" ብላ ነው ያለፈችው። የሆነ ነገር ያደረገችው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ስጽፋት በየክፍሉ ያለች ይመስለኝ ነበር፣ ደብተሩ ላይ ስትወጣ ግን ስለሷ የማውቀው ትንሽ እንደሆነ አየሁ። ልጅ አላት? የት ነው የምታድረው? ባሏ የት ሄደ? አልጻፍኩትም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ብዛት መብት አይሆንም። የእንግሊዙ መርማሪ የሼርሎክ ሆልምስ ታሪኮች በጠቅላላው 60 ናቸው፣ 56 አጭርና 4 ረጅም፣ ፖሊሱ ሌስትሬድ 13ቱ ላይ አለ፣ ግን ስራው ያው ነው፣ ይመጣል፣ ይሳሳታል፣ ወይም ወንጀለኛ ይይዛል፣ እዛው ቦታው ላይ ሆኖ ታሪኩን ያገለግላል እንጂ ማንም ሚስጥሩን ሌስትሬድ ይፍታው አላለም። ሞሪያርቲ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በፈረንጆቹ 1893 በወጣ አንድ አጭር ታሪክ ላይ ነው የመጣው፣ ከዛ ውጭ ስሙና ጥላው ነው የሚዞረው፣ ሰው ግን የሆልምስ ጠላት ማነው ብትሉት ወዲያው እሱን ነው የሚጠራላችሁ። ስለዚህ "በጣም ደጋግሞ ስለሚመጣ ይገባዋል" የሚለውን ምክንያት ከወዲሁ ጣሉት።

ደረጃ 2፦ "ትልቅ ቦታ" ስትሉ የትኛውን ወንበር እንደሆነ ለዩ

በወንጀል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ማለት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሟች ሊሆን ይችላል፣ ያለጥፋቱ የሚጠረጠር ሊሆን ይችላል፣ ምስክር፣ የመርማሪው አጋዥ፣ ወይም ራሱ ጥፋተኛው። እያንዳንዱ ወንበር የሚጠይቀው ዋጋ ይለያያል።

ሟች ማድረግ በጣም ቀላሉ ነው፣ እና በጣም የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ሰው የሚወደውን ካራክተር ገድለህ ማስለቀስ ማንም ይችላል። ካራክተሩ ከሞተ በኋላ ስለሱ የምናውቀው ነገር ለምርመራው ካልጠቀመ በከንቱ ነው የሞተው፣ ለዛ ለዛማ አንድ የማናውቀው መንገደኛ ቢሞት ይሻላል።

ያለጥፋቱ የሚጠረጠር ማድረግ ደግሞ በኛ አገር ትልቅ ጉልበት አለው፣ ምክንያቱም ጥርጣሬ በሰፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ ሁላችንም እናውቃለን። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር፣ ልጅ የሆነ ነገር አጠጥተው ይለቁትና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ሌባ ይባላል፣ በኋላ ተከለከለ እንጂ ስንት ሰው በዛ ተዋርዷል። እና አንባቢ የሚያውቀውና የሚወደው ሰው በር ላይ ጥርጣሬ ሲወድቅ ከማያውቀው ሰው አስር እጥፍ ያመዋል። ግን ተጠንቀቁ፣ አንባቢው ለአፍታ እንኳ "ይሆን እንዴ?" ካላለ አይሰራም። የዋህ የዋህ ብቻ አድርጋችሁ የሳላችሁትን ሰው ማንም አይጠረጥረውም።

ጥፋተኛ ማድረግ፣ እኔ የወደቅኩበት እዚህ ነው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በ1929 ለወንጀል ታሪክ 10 ህጎች አውጥቶ ነበር፣ የመጀመሪያው ጥፋተኛው ገና ታሪኩ ሲጀመር የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት፣ ግን አንባቢው ሀሳቡን ሲከታተል የቆየው ሰው መሆን የለበትም ይላል። መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የያዝኩት፣ "ቀድሞ የተጠቀሰ"፣ እሺ እትዬ ዘሀራ ቀድማ ተጠቅሳለች አልኩ። ሁለተኛው ግማሽ ነው ዋናው። እኔ ክፍል 6 ላይ እትዬ ዘሀራ ማታ ብቻዋን ሲኒ እያጠበች ስለጠፋው እቃ ስታስብ ጽፌያለሁ፣ "ማን ይሆን ይሄን የሰራው" ብላ ስታዝን! በሷ ጭንቅላት ውስጥ ገብቼ ማን ይሆን ካስባልኳት በኋላ እሷ ነበረች ማለት አንባቢን መዋሸት ነው። አክስቴ ስለ ኖክስ ሰምታ አታውቅም፣ ግን ክፍል 6ን ታስታውሰዋለች።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ያ ሀሳቡን ነግሬያለሁ ወይ የሚለው ጥያቄ "አዎ" ከሆነ፣ እና ያ ሀሳብ ንጹህ ሰው የሚያስበው ከሆነ፣ የጥፋተኛ ወንበር ለዛ ሰው ተዘግቷል በቃ። ሌሎቹ ወንበሮች ግን ክፍት ናቸው። የምስክር ወንበር በተለይ ደጋግሞ ለሚመጣ ካራክተር የተሰራ ነው እላለሁ፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ላሳያችሁ።

ደረጃ 3፦ ካራክተሩን አውጥታችሁ በማናውቀው ሰው ተኩት

ይሄ የመመሪያው ልብ ነው። ያሰባችሁትን ታሪክ ውሰዱና ያን ካራክተር አውጡት፣ በሱ ቦታ ተመሳሳይ ስራ ያለው ግን ዛሬ የተዋወቅነው ሰው አስገቡ። ታሪኩ ያው ሆኖ ከቆመ ካራክተሩ ትልቅ ቦታ አያስፈልገውም። ታሪኩ ከፈረሰ ወይም ትርጉሙ ከተገለበጠ ይገባዋል።

ምሳሌው ይሄው። እንድሪስ የሚባል ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት እትዬ ዘሀራ ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ሸሪኩ መጋዘን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እንድሪስ በዛ ሰአት የት ነበርክ ሲባል "ቡና እየጠጣሁ" አለ። ይመር ሊያረጋግጥ ሄደ። አሁን መጀመሪያ አዲስ ቡና ሻጭ እናስቀምጥ፣ ከሳምንት በፊት ስራ የጀመረች ልጅ። "አዎ ነበረ፣ እስከ በረካ ድረስ ተቀምጧል" ትላለች። አለቀ፣ እንድሪስ ነጻ ነው፣ ምስክር አለው፣ ይመር ሌላ ሰው ይፈልጋል።

አሁን እትዬ ዘሀራን እናስቀምጣት።

"እንድሪስ ያን ቀን እዚህ ነበር ይላል፣ እውነት ነው?"

"ነበረ ልጄ። በረካዋን ጠጥቶ ነው የሄደ።"

ይመር ጻፈ። እሷ ሲኒውን እጣቢው ውስጥ እያዞረች ነው፣ አንዷን ሲኒ አጥባ ጨርሳ እንደገና መልሳ ነከረቻት።

"ምነው አንቱ ዝም አሉ?"

"የለም፣ እንዲያው ነው። ሁለት አመት ቡናየን ሲጠጣ ቶናየን ቀምሷት አያውቅማ። አቦሏን ይጠጣል፣ ብሩን ከሲኒ ማስቀመጫው ስር ያደርጋል፣ ይሄዳል። ያን ቀን በረካ ድረስ ምን አስቀመጠው ብየ ነው። ደሞ ቀዘቀዘብኝ ትንሽ ትሙቅልኝ አለ ወላሂ።"

አያችሁ? ሁለቱም ሴቶች የተናገሩት ያንኑ ነው፣ እስከ በረካ ተቀምጧል። በአዲሷ ልጅ አፍ ሲወጣ ሰውየውን የሚያድን ምስክርነት ነው፣ በእትዬ ዘሀራ አፍ ሲወጣ ግን ሰውየው ለመታየት ብሎ እንደተቀመጠ፣ መጋዘን የሄደ ሌላ የላከው ሰው እንዳለ የሚያሳይ የመጀመሪያ ስንጥቅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ስራዋ ሳይሆን ሁለት አመት እዛው ቦታ መቀመጧ ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ካራክተር ከማንም የሚበልጥበት ነገር ይሄ ብቻ ነው፣ የተለመደው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ ያልተለመደውን ያያል። እናንተም ይሄን ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር በስራው ነው ወይስ በቆይታው? በስራው ከሆነ ማንም ይተካዋል። በቆይታው ከሆነ ትልቁን ቦታ ስጡት፣ ሳትፈሩ ስጡት።

(በነገራችን ላይ ወሎን የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ካራክተሩን ገራገር፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሸጋ አድርጎ ብቻ ይተወዋል። እንግዳ ተቀባይ መሆን እኮ ማየትም ነው፣ ቡና የሚቀዳ ሰው ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ማን ፊቱን እንዳጠቆረ ሁሉንም ያውቃል። ያንን እውቀት ስጧቸው።)

ደረጃ 4፦ አስቀድሞ የተዘራ ነገር አለ ወይ?

ከላይ ያለው ትዕይንት የሚሰራው አንባቢው እንድሪስ ቶና እንደማይጠጣ አስቀድሞ ካየ ብቻ ነው። ካላየ እትዬ ዘሀራ ከኪሷ መልስ አውጥታ እንደሰጠች ይሆናል። እኔ የምጠቀምበት ልክ ሶስት ጊዜ ነው፣ ተራርቆ፣ እና እያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ስራ እየሰራ። ክፍል 33 ላይ እንድሪስ አቦሉን ጠጥቶ ሲነሳ "ቶናው ለማን ሊሆን ነው" ትለዋለች፣ እዛ ላይ አንባቢው የሚያየው ጨዋታቸውን ነው። ክፍል 37 ላይ የደሴ ዝናብ ሲወርድ ሰው ሁሉ ተጠልሎ ቶና ሲጠብቅ እሱ ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይሮጣል፣ እዛ ላይ የሚታየው ለሱቁ ያለው ስስት ነው። ክፍል 41 ላይ ሚስቱ ቡና ከበዛበት እንቅልፍ አይወስደውም ብላ ታወራለች፣ እሱ ደግሞ ስለ ትዳራቸው ነው። ሶስቱንም አንባቢው ለሌላ ነገር ብሎ ነው የሚያነባቸው፣ ፍንጭ መሆናቸው የሚገባው በኋላ ነው።

ቀድሞ የወጣውን ክፍል መለስ ብሎ ማረም አይቻልም፣ ሰው ሰምቶታል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፣ ወይ ከዚህ በኋላ ጊዜ ወስዶ መዝራት ወይ ደግሞ ሳታስቡት የዘራችሁትን ደብተሩ ውስጥ መፈለግ። ሁለተኛው የሚገርም ነገር ያመጣል። ጋሽ ይማም የሚባል ዘበኛ አለኝ፣ ክፍል 2 ላይ ዝም ብዬ ነው "የናቴ ድሪ ላይ ያለው ጠገራ ብር 1780 የሚል አለበት" ያስባልኩት፣ ለጨዋታ። በኋላ ከሰርግ ቤት ድሪ ሲጠፋና ባቲ ገበያ ላይ 1780 የሚል ጠገራ ብር ያለበት ድሪ ሲገኝ ሁሉም ሰው ተገኘ አለ። ግን ጠገራ ብር ማለት ማርትሬዛ ነው፣ ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል 1780 ነው ያለው፣ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግስት የሞተችበት አመት ነው፣ ከዛ በኋላ በየዘመኑ ሲመታ ያንኑ አመት እየያዘ ነው የተመታ። ስለዚህ አመቱ ምንም አያረጋግጥም፣ የጋሽ ይማም እናት ድሪ ላይም ያው ነው ያለው። ያን የሚያውቅ ማነው? ክፍል 8 እና 15 ላይ ቀለበት ሲጠግን የታየው አንጥረኛ። እሱ ብሩን ገልብጦ ማንጠልጠያው የተበየደበትን ቦታ አየና "ይሄን እኔ ነኝ የበየድኩት፣ ለሙሽራይቱ አያት" አለ። ሁለት ጊዜ ብቻ የታየ ሰው ትልቁን ቦታ ወሰደ፣ እና ማንም ከየት መጣ አላለኝም፣ እጁን ስራ ላይ አይተውታላ።

ደረጃ 5፦ ሰውየው እዛ ቦታ መገኘት ይችላል?

ይሄኛው አሰልቺ ይመስላል ግን ስንት ታሪክ እዚህ ይወድቃል። ካራክተሩን ስለወደዳችሁት ብቻ በየቦታው አትላኩት። ስራው፣ ሰአቱ፣ እድሜው፣ ሃይማኖቱ፣ ጾታው፣ ገንዘቡ የት የት እንደሚያደርሰው አስቡ።

አንዴ ሚስጥሩን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ላደርገው አስቤ እትዬ ዘሀራ እዛ ሄዳ የሆነ ነገር እንድታይ ፈለኩ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ አያስቸግርም፣ ግን ገዳሙ ሴት አያስገባም። ያ ነገር መጀመሪያ አናደደኝ፣ ቆይቶ ግን ታሪኩን የተሻለ አደረገው፣ እሷ ውጭ ሀይቁ ዳር ቀርታ ማን ገባ ማን ወጣ ብቻ አየች፣ ውስጥ የሆነውን ይመር ነው የሚያውቀው፣ ሁለቱ ግማሽ ግማሽ ይዘው ሲገናኙ ነው ነገሩ የተፈታው።

ከማል ባጃጅ ነጂው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ማታ በባጃጁ አንድ መኪና እየተከተለ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን እንዲወርድ ጻፍኩ፣ ሹፌር የሆነ ጎረቤቴ ገና ሳነበው አስቆመኝ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይሄን ሁሉ ነው የምትወርደው፣ ጉም ያለበት ጠመዝማዛ ነው፣ ባጃጅ እዛ ላይ መኪና አያሳድድም። ቦታውን ለሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት። ረዳቱ ደግሞ የራሱን ነገር ይዞ መጣ፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት አሁን ወጣሁ የሚለው ሰውዬ ወፍራም ካፖርት ለብሶ አንድ ጠብታ ላብ የለውም፣ ይሄን የሚያየው ቀን በቀን ያን መንገድ የሚመላለስ ሰው ነው። ከማልን ስለምወደው ብቻ ብይዘው ኖሮ ይሄን አላገኘውም ነበር።

ሌላው የፖሊስ ነገር ነው። ቡና የምትሸጥ ሴት የምርመራ መዝገብ አታይም፣ ኢንስፔክተር ደግሞ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ የተጠርጣሪ ቃል አያነብላትም። ወሬ ከሷ ወደ ይመር ይሂድ፣ ከይመር ወደ ሷ አይምጣ። ሰአቱንም አትርሱ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ነው። ከዛ ፖሊስ ቀጠሮ ቢጠይቅም በአንዴ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም። ይሄ ለጸሀፊ ስጦታ ነው፣ ይመር 48 ሰአት ብቻ ካለው ለማን ነው የሚሮጠው? ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው። ካራክተራችሁ ትልቅ ቦታ የሚያገኝበት የተፈጥሮ ምክንያት እዚህ ውስጥ አለ። ባቲም ከሆነ የምታደርጉት ገበያው ሰኞ ነው፣ በየሰኞው የሚመጣ ግመል ነጋዴ ሀሙስ ላይ የሆነን ነገር አላየም።

ደረጃ 6፦ ከዛ በኋላ ያ ሰው እንዴት ይኖራል?

ተከታታይ ታሪክ ላይ ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ይዘጋል፣ ካራክተሩ ግን ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ድሮ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ሲደረግ አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ የሚያውቅ ሰው ግን ፊት ለፊት ቆሞ እከሌ ነው አይልም፣ "ወፌ ነገረኝ" ተብሎ ነው የሚወጣ። ለምን? የተናገረው ሰው ነገም ከዛው ጎረቤት ጋ ውሃ ሊቀዳ ነው፣ ከብት ሊያግድ ነው፣ ለቅሶ ሊደርስ ነው። አባቶች የምስክርነትን ዋጋ ያውቁት ነበር።

እና ካራክተራችሁን ከማሳደጋችሁ በፊት ያን ዋጋ ጻፉት፣ በአንድ መስመር። እትዬ ዘሀራ ስለ እንድሪስ ከተናገረች ምን ታጣለች? እንድሪስን ታጣለች፣ ሚስቱን ታጣለች፣ የሚስቱ ወገኖች ሶስቱ ደንበኞቿ ናቸው፣ እነሱንም ታጣለች። ሌላ ደንበኛ ደግሞ "እቺ ሴትዮ ስንት ሲኒ እንደጠጣሁ ትቆጥራለች" ብሎ በሌላ አይን ያያታል። ይሄን ሁሉ ለመጻፍ ዝግጁ ካልሆናችሁ፣ ክፍል 46 ላይ ገዳይ አጋልጣ ክፍል 47 ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ "ምነው ፊትህ ጠቆረ" የምትል ከሆነ፣ ቦታውን አትስጧት። እኔ ቢያንስ አራት ክፍል እሰጣለሁ ለዛ፣ ምንም ወንጀል ሳትፈታ ቡና ብቻ የምታፈላበት፣ እንድሪስ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ሰው የማይቀመጥበት። ከዛ ሌላም አለ፣ አንዴ ካሳደጋችኋት አንባቢ በየጉዳዩ "እትዬ ዘሀራ ምን አየች" ነው የሚለው፣ ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ሶስት ጉዳዮች ላይ ምንም እንዳታውቅ አድርጉ፣ አለዚያ ይመር ስራ ያጣል።

መልሱ "አይገባውም" ከሆነስ

አትዘኑ፣ ካራክተሩንም አታጥፉት። አንድ ትንሽ ግን የራሱ የሆነ ነገር ስጡት። ከማል ከዛ በኋላ አንድም ጉዳይ ላይ ዋና አልሆነም፣ ግን የሟቹን እናት ከሆስፒታል ቤቷ አድርሶ ሂሳብ አልቀበልም ያለው እሱ ነው፣ ሰው አሁንም ያን ነው የሚያነሳልኝ።

ደረጃ 7፦ ከመግለጣችሁ በፊት አንብባችሁ ፈትኑ

መልሱ ከሚወጣበት ክፍል አንድ ክፍል ቀድማችሁ ቁሙና ለሶስት ሰው አንብቡ፣ ብዙ አያስፈልግም፣ ከዛ ማነው፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሶስቱም በትክክለኛው ምክንያት ካወቁት ፍንጩ በዝቷል፣ ከሶስቱ ዘር አንዱን አለስልሱት። ማንም ሳያውቅ ቀርቶ መልሱን ስትነግሯቸው "ከየት መጣ" ካሉ ደረጃ 4 ላይ ተመለሱ። የምትፈልጉት "እንዴ፣ አይቼው ነበር እኮ" የሚለውን ነው። ስም ብቻ ቢጠሩላችሁ አትደንግጡ፣ ስምን በግምትም ያገኙታል፣ ዋናው "ለምን" የሚለው ነው።

የእንድሪስን ጉዳይ ያነበብኩት እሁድ ቀን አክስቴ "እሱ ነው፣ ግን ቡና ላይ ነበር እኮ፣ በምን ታገኘዋለህ" ብላኝ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ይመር "ምነው አንቱ ዝም አሉ" የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ ቆም አልኩ፣ የእትዬ ዘሀራን መልስ ላነብ ወረቀቱን ስገልጥ አክስቴ ሲኒዋን እንደያዘች "ቶናውን! ቶና አይጠጣማ!" አለች፣ ከእትዬ ዘሀራ ቀድማ።